አራት ጊዜ ወደ ታች

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ቤዛ ስልኳን ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። የስልክ ፕሮግራም የሚሠራ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው የምትሠራው። የአንዱን ፕሮግራም ሴቲንግ ለትናንሽ ስልኮች እንዲመች አድርጋ እንደ አዲስ ደርድራዋለች፤ ቃላቱን አሳጥራ፣ ሰው የሚያዘወትረውን ወደ ላይ አውጥታ። «አክስቴ፣ የቱ ይሻላል? የድሮው ወይስ ይሄ?» አለችኝ። አዲሱ እውነትም ያምራል። እኔ ግን ስልኩን መልሼ እጇ ላይ አስቀመጥኩት። ልጅቷ ሥራዋን የጠላሁባት ሳይመስላት አልቀረም።

እኔም በእሷ ዕድሜ ይህንኑ ሥራ ሠርቻለሁ። ብነግራትም አታምነኝም ብዬ ነግሬያት አላውቅም ነበር።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ከአብነት ሰፈር በእግሬ እየሄድኩ መርካቶ፣ ከአንዋር መስጊድ ዝቅ ብሎ ባለ የስልክ ሱቅ እሠራ ነበር። የሱቁ ባለቤት ጋሽ ሸምሱ ከቻይና የሚያስመጧቸው ስልኮች ቁልፍ ያላቸው፣ ስክሪናቸው ከክብሪት ቀፎ የማይበልጥ ነበሩ። አማርኛ አላቸው ተብለው መጡ፤ አማርኛው ግን ጉድ ነው። አንድ ነገር ልሰርዝ ሲሉት «ይህንን ክንውን በእርግጥ ለመፈጸም ስለመፈለግዎ» ብሎ ይጀምርና ስክሪኑ አልበቃው ብሎ መሐል ላይ ይቆረጣል። ደንበኛው እየተመለሰ ይጮህብናል። ጋሽ ሸምሱ አንድ ቀን አንዱን ስልክ ፊቴ አስቀመጡና፣ ኮምፒውተር ተምረሽ የለም እንዴ፣ ይሄን ነገር ሰው እንዲገባው አድርጊልኝ አሉኝ።

ክረምቱን ሙሉ እሱን ስሠራ ከረምኩ። ውጪ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እርስ በርስ አንሰማማም። እኔ በጋዜጣ የተጠቀለለ ትኩስ ሳምቡሳዬን እየገመጥኩ ፊደል እቆጥራለሁ። በአንድ መስመር አሥራ ሁለት ፊደል ብቻ ነው የሚገባው። አሥራ አምስት ቃል የነበረውን ጥያቄ «ሁሉም ይጥፋ?» አልኩት። ሰው ጥያቄ በዛብን ይል ስለነበር «አዎ»ን መሐለኛው ቁልፍ ላይ አደረግኩት፤ አንዴ መጫን ብቻ። ዝርዝሩንም ገለባበጥኩት፤ ታች የነበረው ላይ፣ ላይ የነበረው ታች ሆነ። እንዴት እንደኮራሁ ልነግራችሁ አልችልም። ሱቅ የገባውን ሁሉ አስቁሜ አሳያለሁ።

ከሱቃችን ፊት ለፊት እትዬ ረውዳ በርበሬና ኮረሪማ ይሸጡ ነበር። በእሳቸው በኩል ያለፈ ሁሉ ያስነጥሳል፤ እሳቸው ደግሞ ለእያንዳንዱ «ይማርህ»፣ «ይማርሽ» ሲሉ ይውላሉ። አንድ ልጃቸው ሙኒር በሱዳን አድርጎ ሊቢያ ገብቶ ነበር። ሲደውል ድምፁን ቅጂልኝ ብለው አደራ ስላሉኝ፣ የደወለ ዕለት ሮጬ ሄጄ መቅጃውን ተጫንኩላቸው። «እማ፣ ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? ነገ እንሻገራለን። ዱዓ አድርጊልኝ።» አርባ ሰከንድ አይሞላም። ከዚያ ወዲያ ባሕሩን ይሻገር አይሻገር የሰማ የለም።

እትዬ ረውዳ በየቀኑ ከቀትር ሶላት በኋላ ጆንያቸው ላይ ቁጭ ብለው፣ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው፣ ይነካኩና ጆሯቸው ላይ ያደርጉታል። ፊታቸው ለዚያች አርባ ሰከንድ ሌላ ፊት ይሆናል። ከዚያ ተነስተው በርበሬያቸውን ይሰፍራሉ።

አዲሱን አሠራር መጀመሪያ የጫንኩት በጎረቤቶቻችን ስልክ ላይ ነው፤ የእሳቸውንም ላሳምርልዎት ብዬ ወሰድኩ። የሙኒር ድምፅ ያለው ሜሞሪ ካርዱ ላይ ስለሆነ፣ ስልኩ ፍላሽ ሲደረግ፣ ማለትም ፕሮግራሙ በአዲስ ሲተካ፣ አይነካም። ጨርሼም ከፍቼ አረጋገጥኩ፤ «እማ» ሲል ሰማሁት። ስመልስላቸው፣ አሁን ሁሉም ነገር በግልጽ ተጽፏል፣ ማንበብ ብቻ ነው አልኳቸው። አንገታቸውን ነቅንቀው መረቁኝ። ያንን ድምፅ ወደ ሱቁ ኮምፒውተር ለመገልበጥ አንድ ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። አላደረግኩትም።

ማግስቱ ጁምዓ ነበር። ሰጋጁ መንገዱን ሞልቶ፣ ሶላቱ አልቆ፣ ሰው ምንጣፉን እያጠፈ ሲበተን እትዬ ረውዳ ጆንያቸው ላይ ተቀመጡ። ከሱቃችን በር ሆኜ አየኋቸው። ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረጉት። አውርደው አዩት። መልሰው አደረጉት። አጠገባቸው የሚሸጠው ሰውዬ ተቀበላቸውና ሊረዳቸው ሲነካካ ቆየ። ከዚያ መንገዱን ተሻግረው መጡ።

«ልጄ፣ ሙኒር አልናገር አለኝ» አሉኝ።

ስልኩን ከፈትኩ። ባዶ ነው። ምን ነክተው እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ ሁልጊዜ የማደርገውን ነው አሉ። አድርገው እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። ከንፈራቸው እየቆጠረ መሐለኛውን ተጫኑ፣ አራት ጊዜ ወደ ታች ወረዱ፣ መሐለኛውን፣ ደግመው መሐለኛውን። ስክሪኑን አንዴም አላነበቡም። በድሮው አራት ጊዜ ተወርዶ የሚደረስበት የተቀዱ ድምፆች ዝርዝር ነው፤ መጀመሪያው መጫን ይከፍተዋል፣ ሁለተኛው ሙኒርን ያናግረዋል። እኔ እዚያ ቦታ ላይ ያስቀመጥኩት «ሁሉንም ሰርዝ»ን ነበር። ሁለተኛው መጫን ደግሞ የእኔ «አዎ» ሆነ።

እትዬ ረውዳ ፊደል አልቆጠሩም። ስልኩን ወደ ዓይናቸው የሚያስጠጉት እንደሚያነብ ሰው ለመምሰል ነበር። የሰፈሩ ግማሽ እንደዚያው እንደሚጠቀም ያወቅኩት በኋላ ነው፤ ሲገዙ አንድ ሰው ያስቆጥራቸዋል፣ እነሱም ቁጥሩን ይዘው ይሄዳሉ። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባል የለ፣ ያ ሳሚ እኔ ነበርኩ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሸምሱ ሱቁን ዘግተው፣ የተሰረዘ ያወጣል የተባለ ሠራተኛ ከላይኛው ፎቅ አስጠሩ። እትዬ ረውዳ ወንበር እንቢ ብለው ቆመው ቀሩ። ሠራተኛው በፕሮግራም ፈልጎ ፈልጎ አንድ ድምፅ አገኘ። ከፈተልን። «አንድ፣ ሁለት፣ ሄሎ» አለ። ያ ጎረቤታቸው ስልኩ ይሠራ እንደሆነ ሊሞክር የራሱን ድምፅ ቀድቶበት መልሶ አጥፍቶታል፤ የሙኒርን ቦታ የያዘው የእሱ ሄሎ ነው። ሠራተኛው በዚህ ላይ ምንም ማድረግ እንደማይቻል ነገረን። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሜሞሪው ተበላሽቶ ነው ልበላቸው? ቃሉ አፌ ላይ ነበር። ማንም አያውቅብኝም።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አልኳቸው። «ቦታውን ቀየርኩት፣ ሳልነግርዎት።»

ስድብ ጠበቅኩ፤ ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«እኔም ማንበብ እንደማልችል አልነገርኩሽም» አሉኝ። ቀጥለው ስልኩን ወደ እኔ ገፋ አደረጉና፣ «የድሮውን መልሽልኝ» አሉ።

መለስኩላቸው። ያንን የተጨማለቀ አማርኛ ከነምናምኑ መልሼ ጫንኩት። በማግስቱ ከቀትር ሶላት በኋላ ጆንያቸው ላይ ተቀመጡ። መሐለኛውን፣ አራት ጊዜ ወደ ታች፣ መሐለኛውን፣ መሐለኛውን። ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው አርባ ሰከንድ ያህል ቆዩ። ከዚያ ተነስተው በርበሬ ሰፈሩ። ሱቁን ትቼ እስከሄድኩ ድረስ አንድም ቀን አላጓደሉም። እኔ ከበሩ እያየሁ አብሬ እቆጥር ነበር።

ይህን ሁሉ ለቤዛ ነገርኳት። ስልኳን ጭኗ ላይ ደፍታው ነበር። ታዲያ አዲሱን ልተወው ወይ አለችኝ። አትተዪው፣ ግን ጽሑፉን ከማስተካከልሽ በፊት አንድ ቀን ሙሉ የሰው ጣት ስታዪ ዋዪ አልኳት። እኔ አንድ ቀትር ብቻ እትዬ ረውዳ አጠገብ ቁጭ ብል ኖሮ ይበቃኝ ነበር፤ መንገድ መሻገር ብቻ ነው።

«የድሮው ላይ ሲጫኑ ስክሪኑ ምን ይል ነበር?» አለችኝ።

የተቀዳ ድምፅ እንደሌለ ነበር የሚለው፤ በዚያው በተንዛዛ አማርኛ፣ ግማሹ ተቆርጦ። እሳቸው አላነበቡትም፣ እኔም አንብቤላቸው አላውቅም። ከስልኩ ጽሑፍ ሁሉ ላሳጥረውም ላስተካክለውም ያልፈለግኩት እሱን ብቻ ነው።