ቀና ወይስ ቀኝ?

አዋሽ ጤና ጣቢያ ሥራ የጀመርኩ ቀን መርፌ ይሰጡኛል ብዬ ስጠብቅ አለቃችን ሲስተር በላይነሽ ትራስ አስታቀፈችኝ። "መርፌውን ትለምጂዋለሽ። መጀመሪያ ሰው አስተኝተሽ አሳዪኝ" አለችኝ። እኔ እኮ ተመርቄ፣ አዲስ ጋዋን አሰፍቼ ነው ከደብረ ብርሃን የወረድኩት! ንድድ አለኝ። ግንባሩ የተሰፋ ሾፌር ነበር፤ ጭንቅላቱ ሥር ሦስት ትራስ ደራርቤ ዞር አልኩ።

"አንገቱን ቆልምመሽ ልታፍኚው ነው እንዴ?" ብላ ጮኸችብኝ።

ትራሶቹን አውጥታ አንዱን ብቻ አስቀረች። የአልጋው ማንሻ ከተሰበረ ቆይቷል፤ በራስጌ በኩል ባሉት የአልጋው እግሮች ሥር ብሎኬት አስገባን። ወደታች እንዳይንሸራተት ከጉልበቱ ሥር ብርድ ልብስ ጠቀለለች። ከዚያ ግርጌ ቆማ አንድ ዓይኗን ጨፍና አየችው። "ከፍ የሚለው ከወገብ ጀምሮ ነው። አንገት ብቻውን ከታጠፈ ትንፋሹም ደሙም ይታገዳል" አለች። ሾፌሩ አንኮራፋ። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ እንዳኮረፍኩ ዋልኩ።

አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ሰመራ ነው፣ ቀዶ ሕክምና ክፍል። መኪና ተገልብጦባቸው፣ እሳት በልቷቸው የሚመጡ ብዙ ነበሩ። መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ሲቆም ሕመምተኛ ሁሉ ይገላበጣል፤ እኔ ደግሞ ከአልጋ አልጋ እየዞርኩ እመልሳለሁ። ቁጭ ማለት አልችልበትም። "ሲስተር፣ ኧረ አንድ ጊዜ እረፊ፣ አዞርሽን!" ይሉኝ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አዋሽ ተመልሼ የገባሁትም ለማረፍ ነበር። የት አባቱ! ቁስል የሚታሸግለት ሁሉ እኔን ይጠራል።

አንድ ጠዋት ሐዋ ደወለች። ሐዋ የወሎ ልጅ ናት፣ ከከባድ መኪና ማቆሚያው አጠገብ ሆቴል አላት። ለጥርስ ሕክምና አዲስ አበባ ሄዳለች ተብሎ ነበር።

"ሲስተር፣ ቶሎ ነይልኝ። ለማንም እንዳትናገሪ።"

ክፍሏ ስገባ ሻርፗን ፈታች። ፊቷ አብጧል፣ ከአገጯ እስከ አናቷ በፋሻ ታስሯል፣ በሁለቱም ጆሮዎቿ ዙሪያ ስፌት አለ።

"በሞቴ! ምን ሆነሽ ነው?"

"ፊቴን በቀዶ ጥገና አስወጠርኩት።"

"ጤነኛ ፊት? አብደሻል እንዴ አንቺ ሴት?"

"ተይኝ እስቲ! ሾፌሩም ነጋዴውም ገና በጠዋቱ ሰላም ሲለኝ 'ሐዋ፣ ደክሞሻል' ነው የሚለኝ። አልደከመኝም! የደከመኝ አልደከመኝም ማለቱ ነው።"

ሳቄ አመለጠኝ። እሷም ልትስቅ ስትል ጉንጯን ያዘች። "አታስቂኝ፣ ስፌቱ ይስበኛል!"

ሐኪሙ ጥቂት ቀን አዲስ አበባ ቆዪ ብሏት ነበር። እሷ ግን ሆቴሉን ማን ይይዝልኛል ብላ፣ የመኪና ወንበር አስተኝታ መጣች። በስልኳ ደወልንለት። ተቆጣ፣ ከዚያ ዘርዝሮ ነገረኝ። ከወገቧ እስከ ራሷ ከፍ ብላ፣ በጀርባዋ ብቻ ትተኛ። በጎን መተኛት የለም፣ ማጎንበስ የለም፣ ከባድ ማንሳት የለም። ከሥሩ ተነቅሎ የተወጠረ ቆዳ ገና አልያዘም፤ ከተጫኑት ደም ከሥሩ ይጠራቀማል፣ ቆዳው ደም አጥቶ ይሞታል።

የሆቴሉን የሶፋ ትራሶች አስመጥቼ ከወገቧ ጀምሮ ተዳፋት ሠራሁላት። ከጉልበቷ ሥር ብርድ ልብስ ጠቀለልኩ፤ ሳታውቀው እንዳትገላበጥ በግራና በቀኝም የትራስ አጥር አበጀሁላት። ፋሻው እንዳያንቃት ጣቴን ከሥሩ አስገብቼ አየሁ። ማራገቢያውን ወደ እግሯ አዞርኩት።

"ሶላትሽን ቁጭ ብለሽ ስገጂ፤ ግንባርሽን መሬት እንዳታስነኪ።"

"እሱንማ አውቃለሁ፣ ለታመመ ተፈቅዷል። ግን በጀርባዬ? ጀናዛ አስመሰልሽኝ እኮ! በቀኝ ጎን መተኛት ሱና ነው፣ እናቴ ከልጅነቴ ጀምሮ ያስለመደችኝ ነው።"

"መታመምሽን አላህ ያውቃል።"

"አላህማ ያውቃል፤ ጎኔ ነው የማያውቀው!"

እውነቷን ነው፣ ጎኗ አላወቀም። ዓይኗን እንደጨፈነች አንዱ ሾፌር ፍሬን ይይዛል፣ ትነቃለች። ላብ ፋሻው ሥር ይገባል፣ ታክካለች፣ እጇን እይዛለሁ። ሲጨንቃት ተነስታ በመስኮት ወደ ማዕድ ቤት ትጮኻለች። "ሽንኩርቱ እያረረ ነው!" እኔም ከበር መስኮት፣ ከመስኮት በር። ከሁለታችን ማን ሕመምተኛ እንደሆነ የሚለይ አልነበረም። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ክፉ ነው፤ ሁለቴ አባርራኛለች፣ ሁለቴ መልሳ ጠርታኛለች።

ታናሽ እህቷ ዘሀራ ገዋኔ ያለውን ሱቋን ዘግታ ልታስታምማት መጣች። ደግ፣ የነገሯትን የምትፈጽም ልጅ ናት። ሰመራ ለአዲስ ነርሶች ልምዴን እንዳካፍል ተጠርቼ ስለነበር፣ ትራሱንም አጥሩንም አሳየኋትና ሄድኩ።

በማግስቱ፣ ከምሳ በኋላ፣ ወጣት ነርሶቹ ፊት ቆሜ ሳለሁ ዘሀራ ደወለች። ድምፅዋ በደስታ ይዘላል።

"ሲስተር፣ ብስራት! እቴ እንቅልፍ ወሰዳት! ድብን ብላ ተኛች እኮ!"

"እሰይ! ተመስገን!"

"ሐኪሙ እንዳለው በቀኟ ሳስተኛት ወዲያው ጭልጥ አለች።"

"በምኗ?"

"በቀኟ። ጠዋት ደውሎ ነበር። ኔትወርኩ ቢቆራረጥም፣ 'ቀኝ አድርጋችሁ አስተኟት' ሲል ሰማሁት። እቴም አልሐምዱሊላህ፣ ሐኪሙ ገባው አለች።"

ክው አልኩ። ቀና ነው ያለው! ቀና አድርጋችሁ፣ ከፍ አድርጋችሁ ማለቱ ነው። አንዲት ፊደል። ሌላ ሰው ቢሆን ግር ብሎት መልሶ ይጠይቅ ነበር። እነሱ ግን የሰሙት እናታቸው ያስተማረቻቸውን ነው፤ ለምን ይጠራጠራሉ?

"ዘሀራ፣ ስሚኝ። አሁኑኑ ቀስቅሻት። ጀርባዋን ግድግዳ አስደግፊ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ። ሁለቱን ጉንጮቿን አስተያዪ።"

ስልኩን አስቀምጣ ሄደች። ስትመለስ ድምፅዋ ሌላ ነበር። "ቀኙ አብጧል። ጠቁሯል። ስነካው ጠጥሯል፣ እቴም አመመኝ ብላ ጮኸች። ሲስተር፣ እስክትመጪ ድረስ ምን ላድርግ?"

"አትጠብቁኝ! እኔ ሰመራ ነኝ፣ ብበርም አልደርስም። ለሐኪሙ ደውዪ፤ መኪና ጥሪና ወደሚልሽ ሆስፒታል ውሰጃት።"

ከዚያ ሐዋ ስልኩን ነጠቀቻት። "በዚህ ፊት በሾፌሮቹ መሃል አላልፍም! መሽቶ ጭር ሲል እወጣለሁ።"

"ሐዋ፣ ፊትሽን ልትደብቂ ብለሽ ፊትሽን ልታጪው ነው?"

ስልኩ ተዘጋ።

ለነርሶቹ ይቅርታ ሳልል ወጣሁ። ወደ አዋሽ የሚሄድ አይሱዙ አግኝቼ ጋቢና ገባሁ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ብዙ የባሰ ቁስል አይቻለሁ፤ ይህቺ ግን ሐዋ ናት፣ ሰዎች ደክሞሻል ስላሏት የተቆረጠች። ወጥታ ይሆን? ሲመሽ ብላ ተቀምጣ ይሆን? ስልኬን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ ቦርሳዬን አገላብጣለሁ። ሾፌሩ "እናቴ፣ ወንበሩ ይቆረቁርዎታል እንዴ?" አለኝ። አዳይቱ አካባቢ ኔትወርክ ጭራሽ ጠፋ።

ገዋኔ ስንገባ ስልኬ ጮኸ። ዘሀራ ናት፣ ታለቅሳለች።

"አዳማ ሆስፒታል ነን። ከፍተው ደሙን አወጡት። የዚህ ሐኪም፣ ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ ቆዳው አይተርፍም ነበር አለ።"

"በሾፌሮቹ መሃል እንዴት አለፈች?"

"ስልኩን እንደዘጋች ተነስታ ወጣች። ሻርፑን እንኳ ያለበስኳት እኔ ነኝ።"

እኔም አለቀስኩ። ሾፌሩ ውኃ ገዛልኝ።

ሐዋ ወደ አዋሽ የተመለሰችው ሐኪሙ ሂጂ ሲላት ብቻ ነው፤ በጀርባዋ መተኛትንም እያጉረመረመች ለመደችው። እብጠቱ ጠፍቶ መጀመሪያ ሒሳብ መቀበያው ላይ የተቀመጠች ቀን አጠገቧ ነበርኩ። አንድ የቆየ ደንበኛ ሾፌር ገብቶ ትክ ብሎ አያት።

"ሐዋ፣ አምሮብሻል። እንቅልፍ ጠግበሻል መሰለኝ።"

ሐዋ ወደኔ ዞረች። በሁለት እጇ ጉንጮቿን ይዛ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔም ሆዴን ይዤ ወጣሁ። ሾፌሩ ምን እንደተናገረ እስከ ዛሬ አልገባውም።

ሰመራ ያቋረጥኩትን ትምህርት ለመጨረስ ተመልሼ ሄጄ ነበር። ነርሶቹ ደብተራቸውን ከፈቱ። እኔ ጫማዬን አውልቄ አልጋው ላይ ወጣሁ፣ ከወገቤ ከፍ ብዬ በጀርባዬ ተኛሁ፤ ተሳሳቁብኝ። ከዚያ አንድ በአንድ እንዲተኙ አደረግኋቸው።

የነገርኳቸው ይህን ነው። አስታማሚን 'ቀና አድርገው፣ አዙረው' ብላችሁ አትሂዱ፤ ሰው የሚሰማው የለመደውን ነው። አልጋው ላይ ወጥታችሁ፣ ተኝታችሁ አሳዩት። ከዚያ እሱም ተኝቶ ያሳያችሁ።