ፍየሏ የናቀችው ኑድል

ዛሬ የጎረቤቴ የፋጡማ ፍየል የሠራሁትን ኑድል አሽትታ ትታው ሄደች። ካርቶን የምትበላ ፍየል ናት!

ልጄ የሱቁን ኑድል በየቀኑ እየበላች ሆዷን ስላመማት፣ በስንዴና በማሽላ ዱቄት እኔው ሠራሁላት። "እሱን አልበላም" አለች። እንዲደርቅ ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ሰቀልኩት። የድሬ ፀሐይ እንኳን ኑድል ሰውም ታደርቃለች።

ፍየሏን ልትወስድ የመጣችው ፋጡማ ገመዱን አየችና፣ "አቦ፣ ይሄን ሁሉ ክር ምን ልታደርጊው ነው?" አለችኝ።

"ምግብ ነው።"

"ወላሂ?" ብላ በሳቅ ወደቀች።

አንገቴን ደፋሁ። ይሄኔ ልጄ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ "እማ፣ በቃ ቀቅይልኝ" አለች። በሽንኩርትና በካሮት ቀቀልኩላት። "ፍየል ምን ታውቃለች!" እያለች ሁለት ሳህን በላች።

የእናንተንስ ሙያ የናቀ እንስሳ አለ? ንገሩኝና ልጽናና።