የሙሀባ የመስታወት መብራት

ሙሀባ፣ አሊዩ አምባ ከተማ ተወልዳ፣ ትዳር ይዛ ሸዋሮቢት የወረደች ሴት ናት። ገበያው ውስጥ ሻሽና ሂጃብ ትሸጣለች። በኩራዝ ጭስ ነው ያደገችው። ቤቷ ኤሌክትሪክ ከገባ በኋላም፣ ከኮርኒሱ በሽቦ የተንጠለጠለው ባዶ አምፖል ደስ አይላትም ነበር። ለሳሎኗ ጌጥ ያለው መብራት ትመኛለች።

ባለቤቷ አብዱረሂም ሽንኩርት ያለማል። ነገሩን ባነሳች ቁጥር፣ «አምፖሉ ምን ጎደለው? ያበራል አይደል?» ይላታል።

«ማብራቱንማ ያበራል» ትላለች። «ቤት ግን ማማርም አለበት።»

አምና ዕቃ ልታመጣ አዲስ አበባ ስትሄድ አንድ የመብራት መሸጫ ሱቅ ገባች። ባለ ብዙ ቅርንጫፍ የሆኑት ትልልቆቹ ዓይኗን ቢስቡትም፣ የሳሎኗ ኮርኒስ ዝቅ ያለ ስለሆነ ተወቻቸው። የወሰደችው አበባ የመሰሉ መስታወቶች ያሉት ክብ መብራት ነው። መስታወቶቹን ለንግድ በገዛቻቸው ሂጃቦች እየጠቀለለች ካርቶን ውስጥ ከተተችና ጭኗ ላይ አድርጋ ተሳፈረች። ከደብረ ሲና ቁልቁል ሲወርዱ ሙቀቱ እየበረታ ሄዶ ተሳፋሪው ጋቢውን ሲያወልቅ፣ እሷ እጇን ከካርቶኑ አላነሳችም።

በማግስቱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ኢዮብ መጣ። መብራቱን አንስቶ ክብደቱን ገመተ።

«እትዬ ሙሀባ፣ ይሄን ኮርኒሱ አይችለውም። ከላይ ካለው እንጨት ላይ ልሰረው» አለ።

ኮርኒሱን ከፍቶ አግዳሚውን እንጨት በካቻቢቴ ወጋ ሲያደርገው፣ ካቻቢቴው እስከ እጀታው ሰመጠ። ዱቄት የመሰለ ብናኝ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ።

«ጋሼ አብዱረሂምን ይጥሩልኝ» አለ ኢዮብ፣ ከመሰላሉ ሳይወርድ።

አብዱረሂም ወጥቶ በእጁ ዳበሰው። እንጨቱ ላዩ ደህና ይመስላል፤ ውስጡን ግን ምስጥ ጨርሶታል። ከሥሩ ማታ ማታ የልጃቸው የፈትያ ፍራሽ ይነጠፋል። አብዱረሂም ወርዶ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ሙሀባን መጀመሪያ ያናደዳት መብራቷ ሳይሰቀል መዋሉ ነበር። ቀና ብላ ቀዳዳውን፣ ከዚያ የፈትያ ፍራሽ የሚነጠፍበትን ቦታ ስታይ ግን የመብራቱን ካርቶን ዘግታ ወደ ጥግ ገፋችው።

«አልሃምዱሊላህ» አለ አብዱረሂም። «ልጅቷ ከዛሬ ጀምሮ ጓዳ ትተኛ።»

የጣራው እንጨት በሙሉ ወርዶ በብረት ተተካ። ሥራው ስለረዘመ መብራቱ ክረምቱን ቁም ሳጥን ላይ ከረመ። መስከረም ላይ ኢዮብ ሲሰቅለው መሰላሉን የያዘለት አብዱረሂም ነው። ቁመተ ረጅም ስለሆነ ሲያልፍ መስታወቱ ግንባሩን ነካው።

«ትንሽ ከፍ አድርገው» አለ፤ ኢዮብም ሰንሰለቱን አሳጠረው።

ጎረቤቶች ሊያዩት መጡ። ሙሀባ መብራቱን አብርታ እያሳየች፣ «እናንተም መጀመሪያ ኮርኒሳችሁን አስከፍቱ» ትላቸዋለች። ሰምተው ያስከፈቱ ነበሩ፤ ከነሱም ምስጥ ያገኙ አሉ። ኢዮብ ያን ሰሞን መብራት ከመስቀል ይልቅ የሰው ኮርኒስ ሲከፍት ነው የከረመው።