ካርቶኑን ጠይቁት

ሂፕ ሆፕ የሚለውን ቃል የሰማሁት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። በደርግ ጊዜ ኮልፌ ውስጥ እኛ የምናውቀው «ብሬክ» የሚባል ዳንስ ነበር። ብሬክ ማለት ከገበያ ለምነን ያመጣነው ካርቶን፣ ቀበሌው ለኪነት ቡድናችን የሰጠው ቴፕ፣ እና ከእጅ ወደ እጅ ሲቀዳ ኖሮ ድምፁ የሻከረ አንድ ካሴት ነው። ካሴቱ ላይ ጥቁር አሜሪካውያን ወንዶች በምት እየተጣደፉ ያወራሉ። እንግሊዝኛችን የትም የሚያደርስ አልነበረም፤ ቢሆንም የሚሉት ሁሉ የገባን ይመስለን ነበር። እኔ እበልጥሃለሁ፣ አንተ ምንም አይደለህም፣ የሚያስፈራኝ የለም ነው የሚሉት። ምናልባት ሌላ ነገር ብለው ይሆናል። እኛ ግን የሰማነው ከየቤታችን የለመድነውን ነበር።

እኛም የራሳችንን ጨመርንበት። ኮልፌ ተረብ አያጣም። አንዱ ካርቶኑ ላይ ሲሽከረከር ሌላው አጠገቡ ቆሞ በምቱ ልክ በግጥም ይተርበዋል፤ የተተረበው በእግሩ ይመልሳል። ሕጉ አንድ ነበር፤ መነካትህ አይታይም። ያኮረፈ፣ ፊቱ የተለዋወጠ፣ አይኑ ላይ እርጥበት የታየ ካርቶኑን ከከበብንበት ክብ ይወጣል፤ ወር ሙሉ በሴት ስም ይጠራል። ሕጉን ማን እንዳወጣው አላስታውስም፤ ማንም ሳያስተምረን ሁላችንም እናውቀው ነበር። ተራቢው እኔ ነበርኩ። ምላሴ የተሳለ ነበር፤ ሰው እንዲህ ሲለኝ ደግሞ ደስ ይለኝ ነበር።

ምርጡ ደናሽ ጓደኛዬ ነበር። ከእኛ ቤት ሁለት አጥር አልፎ ከአባቱ ጋር ብቻቸውን ይኖራሉ፤ እናቱ በልጅነቱ ሞታበታለች። አባቱ የድሮ ወታደር ናቸው፤ አንድ ጉልበታቸው አይታጠፍም፣ ሲራመዱ እግራቸውን ይጎትታሉ። ልጃቸውን አንድ ቀን እንኳ ሲያቅፉት አላየሁም። ይወዱታል፤ ግን ፍቅራቸው የሚታወቀው በቁጣ ነበር። ትንሽ ሲቆይባቸው በር ላይ ቆመው ይጠብቁትና፣ ብቅ ሲል ሰድበውት ይገባሉ።

ስሙ ለብሔራዊ ውትድርና የወጣ ዕለት ከሰዓት በኋላ የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ቴፑን ከፈትኩለት። ካርቶኑ ላይ ተቀመጠና አልነሳ አለ። ከዚያ ማልቀስ ጀመረ። እንደዚያ ያለ ለቅሶ ከወንድ ሰምቼ አላውቅም፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ጦርነቱን ፈርቶ መሰለኝ።

«አባባ ብቻቸውን ምን ይሆናሉ?» አለኝ። «ጫማቸውን ማን ያወልቅላቸዋል?»

በዚያ ጉልበት ጎንበስ ማለት ስለማይችሉ በየቀኑ ጫማቸውን የሚያወልቅላቸው እሱ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅኩት። እጄን ትከሻው ላይ ላደርግ ፈልጌ ነበር፤ አላደረግኩም። ውጭ ያለ ሰው እንዳይሰማው የቴፑን ድምፅ ከፍ አደረግኩ። ሲበቃው ፊቱን በሸሚዙ ጠረገና ለማንም ትንፍሽ እንዳልል አስማለኝ። ማልኩለት።

ሽኝቱ በሳምንቱ ነበር። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ የቀበሌ ሰዎች ከፊት፣ ዘማቾች በጎን፣ ወላጆች ከኋላ። መዝሙሩና ፉከራው አልቆ ተራው የእኛ ሆነ። ጓደኛዬ ካርቶኑ ላይ ወጣ፤ እንደዚያ ቀን ደንሶ አያውቅም። እኔ ስለ ሱሪው ስፋት ያዘጋጀሁትን ተረብ ወረወርኩ። ሰው ፈገግ ከማለት አላለፈም። ያ ሁሉ ሕዝብ እያየኝ መቀዝቀዝ አልቻልኩም፤ አፌ ላይ የመጣውን ለቀቅኩት።

መሬት ይፈራዋል ሲሽከረከር ይሉታል፤
ካርቶኑን ጠይቁት፣ እንባው አርሶታል።
ለአገር ዘማች ነው፣ በሉ ሸኙት፤
ጡጦውን እንዳይረሳ አስታውሱት።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ጓደኛዬ እየተሽከረከረ ድንገት ቆመ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ከሳቁ ሁሉ በላይ የሚሰማው ከኋላ የሚመጣው የአባቱ ሳቅ ነበር። ጓደኛዬ ወደዚያ አየ። ከዚያ ማንም ውጣ ሳይለው ከካርቶኑ ወረደ።

ለምን እንዲህ እንዳደረግኩ ስንት ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። ጭብጨባ ፈልጌ ነው፣ በቃ። ግን ሌላም አለ። እንባው አስፈርቶኝ ነበር። እኔም ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ አውቃለሁና፣ ሰው ፊት ሳስቅበት የሚለቀኝ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ዘማቾቹ መኪና ላይ ሲወጡ ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቀው ነበር የሄድኩት። ይቅርታ የሚባል ነገር በእኛ መካከል ተብሎ አያውቅም፤ ስለዚህ እንደ ሁልጊዜው ትከሻውን በቡጢ መታሁት። ዞር ብሎ ሳያየኝ መኪናው ላይ ወጣ።

መርዶው በዓመቱ መጣ። ዕድሩ ግቢያቸው ውስጥ ድንኳን ጣለ። አባቱ ጋቢያቸውን ለብሰው ተቀመጡ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ከአይናቸው ጠብ ያለ ነገር የለም። ለቀስተኛው «እንዲህ ነው እንጂ ወታደር» እየተባባለ ያደንቃቸዋል። እኔ ጫማቸውን አየሁ። ጭቃው ደርቆበታል፣ ማሰሪያው እንደተቋጠረ ነው፤ ሦስቱንም ቀን ከነጫማቸው ሳይተኙ አልቀሩም።

በሦስተኛው ቀን ሰው ሳሳ ሲል ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ያ የሽኝቱ ዕለት ያልከው ግጥም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የእንባው ነገር። እውነት አልቅሶ ነበር?»

ልጄ ፈሪ ነበር ወይ ብለው የጠየቁኝ መሰለኝ። የጀግና አባት እየተባሉ በተቀመጡበት ድንኳን ይህን ላረጋግጥላቸው? ደግሞስ ምዬለት የለም? አንዴ ያፈረስኩትን መሐላ አሁን እንኳ ልጠብቅለት ብዬ አሰብኩ። ጓደኛዬን የካስኩት መሰለኝ።

«አላለቀሰም፣ አባባ» አልኳቸው። «ሰው እንዲስቅ ብዬ እኔ የፈጠርኩት ነው። እሱ ወንድ ነበር።»

ደስ ሲላቸው ለማየት ፊታቸውን አየሁ። እሳቸው ግን አይናቸውን ወደ መሬት መለሱ።

«እኔማ ያን ቀን ሳቅኩበት» አሉ። «በኋላ ግን፣ ምናልባት እኔን ብሎ ይሆናል ያለቀሰው እያልኩ፣ ዓመቱን ሙሉ ያቺን ሐሳብ ይዤ ነበር። ይሁን እንግዲህ።»

አዎ፣ እርስዎን ብሎ ነው ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አፌን ከፈትኩ። እውነቱን ለመናገር ሁሉንም መናገር ነበረብኝ፤ ትከሻው እንዴት እንደተንቀጠቀጠ፣ እጄን እንዴት እንደሰበሰብኩ። ያን ከጀመርኩ ደግሞ እኔው ራሴ ለቀስተኛው ፊት እንደማለቅስ አውቄ ነበር። አፈርኩ። በዚያ ሁሉ ለቅሶ መሀል ለማልቀስ አፈርኩ። አፌን መልሼ ዘጋሁ።

ሌላ የማደርገው ስላጣሁ መሬት ላይ ተንበረከክኩና የጫማቸውን ማሰሪያ ልፈታላቸው እጄን ዘረጋሁ። እግራቸውን ሸሸት አደረጉ።

«ተወው» አሉኝ፣ «ለምጄዋለሁ።»