ሰባተኛዋ ምሰሶ

ኮልፌ ቀራንዮ ያለው የድሮ የገበያ አዳራሻችን አሥራ ሁለት የጥድ ምሰሶ አለው። ግድግዳ የለውም፤ የድንጋይ መሠረትና የቆርቆሮ ጣሪያ ብቻ ነው። የጣሪያው አናት የበርበሬ ብናኝ እንዲወጣበት ክፍት ተትቷል። ያን ያሰበውን ሰው አመሰግነዋለሁ፤ ቆርቆሮውን የመረጠውን ግን በዘነበ ቁጥር እረግመዋለሁ፤ አጠገብ ያለ ሰው የሚለው እንኳ አይሰማም።

በውስጡ የሚነግዱት ሴቶች የሚጠሩት በሚቀመጡበት ምሰሶ ቁጥር ነው። ቅቤ የምትሸጠው እናቴ «ሰባተኛዋ» ናት፤ ቅመም የምትሸጠው ጎረቤቷ «ስድስተኛዋ»። እኔም ይህን ያህል አድጌ «የሰባተኛዋ ልጅ» ነኝ። መታወቂያቸው ላይ ያለው ሌላ ነው፤ ሙሽራ ሳሉ አማት ያወጣችላቸው፣ ባል ቀበሌ ሄዶ ያስመዘገበው ስም። አማቶቹ ካረፉ ወዲህ በዚያ ስም የጠራቸው የለም።

ባለፈው ክረምት አዳራሹ ሊፈርስ ነው ተባለ። በአዲሱ ሕንፃ ቦታ የሚያገኘው ስሙ ሲጠራ «አቤት» ያለ ብቻ ነው፤ ሦስቴ ተጠርቶ ዝም ያለ ይሰረዛል።

መዝጋቢው የመጣ ቀን ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ነበር። ስም ሲጠራ የአባት ስሙን ዝናቡ ይውጠዋል። አንዱን ስም ሦስቴ ጠራ፤ መልስ የለም። ሰረዘው።

«ምስኪን! የት ሄዳ ይሆን?» አለች እናቴ። ስድስተኛዋም ከንፈሯን መጠጠች።

ሌላ ስም ጠራ። ዝም። ደገመ።

«ይቺ ደግሞ ማናት?» እናቴ ዙሪያዋን ታያለች።

ስሙን የት እንደማውቀው ግራ ገብቶኝ ነበር። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠራው ክው አልኩ። ስንት ፎርም ላይ የሞላሁት የእናቴ ስም ነው!

«አለች! ሰባተኛዋ ናት!» ብዬ ጮህኩና ክንዷን ይዤ ጎተትኳት።

«አ... አቤት!» አለች።

መዝጋቢው በንቀት አይቷት ምልክት አደረገ። በድንጋጤ ሳቅን። እናቴ ግን ምሰሶዋን ጨብጣ አልለቀቀችም።

ስድስተኛዋ እየሳቀች መታወቂያዋን ከጡቷ ሥር አወጣች። «እስኪ የኔንም አንብቢልኝ ልጄ፤ ኋላ ሲጠራኝ እንዳያልፈኝ።»

አነበብኩት። ቅድም የተሰረዘው ስም ነበር። ምስኪን ብለን ከንፈር የመጠጥነው ለእሷው ነው። ቀና ብዬ ላያት አፈርኩ።

«ማን ይላል?» አለችኝ፣ ዝናቡ እንዳይሸፍንባት ጆሮዋን ወደ አፌ አስጠግታ።