የቤት ሰው

የእርጥብ ካልሲ ሽታ አፍንጫዬን ባለፈ ቁጥር ሮቤ ያለው ሳሎናችን ይመጣብኛል። ሌላው ሰው የልጅነት ቤቱን የሚያስታውሰው ደህና ደህና ነገር አሽትቶ ይሆናል፤ የእኔ ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጭቃውን እየረገጠ መጥቶ፣ ጫማውን በረንዳ ላይ አውልቆ፣ በሩን ገፋ አድርጎ የሚገባ ሰው ሁሉ ካልሲ ነው።

አባቴ የፊዚክስ መምህር ነበር። እኔ ሳልወለድ ህንድ አገር ለትምህርት ሄዶ፣ ከአንድ የቡድሃ መነኩሴ ዘንድ ዓይን ጨፍኖ ተቀምጦ ትንፋሽን መከታተል ተምሮ መጣ። መጀመሪያ ሦስት ሆነው ነበር የሚቀመጡት፤ እሱ፣ ገበያው አጠገብ ጨርቅ የሚሸጡት ጋሽ ከድርና ጎባ ቢሮ ጸሐፊ የነበሩት እትዬ አስካለ። ጋሽ ከድር የአስር ሶላታቸውን ሰግደው ይመጡ ነበር፤ እትዬ አስካለ ደግሞ አማትበው ነበር የሚቀመጡት። አባቴ «ሃይማኖታችሁን ማንም አይነካባችሁም፤ እዚህ የምንማረው መቀመጥ ነው» እያለ ሁለቱንም ያረጋጋቸው ነበር። የሠፈሩ ሰው «ዝም ባዮቹ» ይለን ነበር። ደመወዝ የለም፣ አለቃ የለም፣ ሁሉም በበጎ ፈቃድ ነው፤ ከውኃ በቀር ምንም አይቀርብም፤ የአባቴ ደንብ ይህ ነበር።

ይህን ደንብ እናቴ ገና በመጀመሪያው ክረምት አፈረሰችው። በዚያ የባሌ ብርድ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጦ የተነሳን ሰው ውኃ አጠጥቶ መሸኘት ለእሷ ከነውር ሁሉ የከፋ ነውር ነበርና «ሰው ከቤቴ አፉ ደርቆ አይወጣም» ብላ ጩኮ አቀረበች። የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅቤ የተለወሰ ጩኮ በዚያ ብርድ ማን እምቢ ይላል? ጋሽ ከድር እንደ ኦሮምኛው ወግ በእኔ ስም «ሀደ መቅደስ» ብለው፣ የመቅደስ እናት ማለታቸው ነው፣ «ገለቶማ፣ አላህ ጀዛሽን ይክፈልሽ» ብለው መረቋት። አባቴ ፊቱን ቢያጨማድድም ሁለት ጊዜ ቆረሰ።

ጥቅምት ላይ ሠላሳ ሆኑ። ኮምባይነሮቹ ስንዴውን አጭደው በጨረሱበት በጋ ደግሞ ሳሎኑ ሞልቶ መኝታ ቤቱ ተከፈተ፤ እናቴና እኔ የማዳበሪያ ጆንያ እየቀደድን፣ ጭድ እየጠቀጠቅን መቀመጫ ስንሰፋ እንውል ነበር። ጩኮው እንጀራ በሽሮ ሆነ፤ የክርስቲያኑና የእስላሙ ሥጋ ስለማይገናኝ ለሁሉም የሚሆን ምግብ ማሰብ የእሷ ፈንታ ነበር፤ በፆም ቅቤ መተው፣ በረመዳን ደግሞ ለማፍጠሪያ ማቆየትም እንዲሁ። ሲደክማት ብታጉረመርም አባቴ፣ ለስልሳ ሰው ትዕግሥትን የሚያስተምረው አባቴ፣ «ማን አዘዘሽ?» ይላት ነበር። የውጭ አልጋ የቤት ቀጋ ማለት እሱን ነው።

ሰው እየበዛ ሲሄድ እትዬ አስካለ እንደ ቢሮ ሰውነታቸው የተረኞች ዝርዝር አዘጋጅተው ግድግዳው ላይ ለጠፉ። የሚጠርግ፣ በር የሚጠብቅ፣ ለመቀመጫውና ለመነሻው ምልክት የነሐሱን ሳህን የሚመታ፣ አዲስ የመጡትን የሚያስተምር፣ ለእያንዳንዱ ሥራ የሰው ስም ነበረው፤ ምግብ ከሚለው ፊት ለፊት ግን የተጻፈው «የቤት ሰው» ነበር። ሌላው ሰው ቢታመም፣ ሐዘን ቢደርስበት፣ ወይም ዘመድ ጥየቃ ደሎ መና ቢወርድ ተራውን ይቀይር ነበር። እናቴ ግን ስሟ ስለሌለ የሚቀይርላት አልነበረም።

መቀመጥ ትፈልግ ነበር። ይህን የማውቀው ቤቱ ውስጥ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ከእኔ በኋላ የወለደችው ወንድሜ በሳምንቱ ከሞተ ወዲህ እንቅልፍ ርቋት ነበር። ልጁን የቀበረው፣ ትዳሩ የፈረሰው፣ ልቡ የሚመታበት ሰው እኛ ሳሎን ተቀምጦ ተነስቶ «ቀለል አለኝ» ሲል ከጓዳ ትሰማ ነበር። አንድ ቀን ሽንኩርት እየከተፈች «እኔንም ቀለል ቢለኝ ምን ነበረበት» አለች፤ ለእኔ ይሁን ለሽንኩርቱ አላወቅሁም።

በልግ ሲገባ በአንዱ ቅዳሜ ወጧን በጠዋት ሠርታ ጨረሰችና ሽርጧን ፈታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ መጨረሻው ረድፍ ላይ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። አስር ዓመቴ ነበር፤ ጎኗ ነበርኩ። ሳህኑ ተመታ። በተጨፈነ ዓይኔ ስር እያጮለቅሁ አየኋት፤ ግንባሯ ላይ ያለው መስመር ሲላላ አየሁ፣ እጇ ጉልበቷ ላይ ሲያርፍ አየሁ፣ ደስ አለኝ።

በሩ ተንኳኳ። የዘገየ ሰው ነው። የዕለቱ በር ጠባቂ አንድ ወጣት የባንክ ሠራተኛ ነበር፤ ዓይኑን ጨፍኖ ንቅንቅ አላለም። ደግሞ ተንኳኳ። ስልሳ ሰው ይሰማል፤ ስልሳው ሰው ሰላሙን ይጠብቃል። በሦስተኛው፣ ከሁሉም ፊት የተቀመጠው አባቴ ዓይኑን ገለጠ፤ ወደ ባንክ ሠራተኛው አላየም፣ ወደ እኔም አላየም፤ እናቴን በአገጩ በሩን አሳያት።

እሷ ደግሞ እኔን አየችኝ። ተነሺልኝ ማለቷ ነበር፤ ከእኔ ሌላ የምትለምነው ሰው አልነበራትም። እኔም ሰው ሁሉ ያየኛል ብዬ አፍሬ፣ አባቴም «ጎበዝ፣ አልተንቀሳቀሰችም» እንዲለኝ ፈልጌ፣ ዓይኔን ጥብቅ አድርጌ ጨፈንኩ። የነጠላዋን ሹክሹክታ ሰማሁ፣ መቀርቀሪያው ሲከፈት ሰማሁ። ተመልሳ አልተቀመጠችም፤ ጓዳ ገብታ እንጀራ ማጠፍ ጀመረች። ስንጨርስ አባቴ ጭንቅላቴን እየዳበሰ አመሰገነኝ።

ቀጥሎ በመጣው በጋ አንድ የእህል ነጋዴ ጎባ ላይ ባዶ መጋዘን ሰጥቷቸው ከቤታችን ወጡ። በምረቃው ቀን አባቴ በጎ ፈቃደኞቹን አንድ በአንድ በስም እየጠራ አስጨበጨበላቸው፤ እናቴ በዚያ ሰዓት ከመጋዘኑ ጀርባ ድስት ታማስል ነበር። ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው በሚኒባስ ወደ ጎባ የሚጫነው እሷ አልነበረችም፣ ምግቡ ነበር።

ዛሬ መጋዘኑ ሰፊ አዳራሽ ሆኗል፤ የኔም ስም ከተረኞቹ ዝርዝር ውስጥ አለ። ምግቡን የሚያቀርቡ ሰዎችም በስማቸው ተጽፈዋል፤ እትዬ አስካለ በእርጅናቸው «ያኔ አላሰብነውም» ብለው አስተካክለውታል። አባቴ ሽበቱ አምሮበት፣ ከየአገሩ ለሚመጡ እንግዶች በባዶ እጅ እንዴት እንደተጀመረ ያጫውታል። እናቴ ጉልበቷ አልታጠፍ ብሏታል። ባለፈው ፋሲካ «አሁን ወንበር አለ፤ እማዬ፣ ልውሰድሽ፣ አንድ ቀን ተቀመጪ» አልኳት።

ሳቀች። «ልጄ፣ ዝም ማለቱንማ እኔ ከማንም በፊት ቻልኩት። አሁን የሚያምረኝ የሚሰማኝ ሰው አግኝቼ መጮህ ነው» አለችኝ።

ያን ቅዳሜ ባስታወስኩ ቁጥር ልጅ ነበርኩ እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። አሁን ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። እናቴ ፊቴ ተቀምጣ፣ ይህን ተናግራ፣ መልሴን እየጠበቀች ትመለከተኝ ነበር፤ እኔ ግን እንደዚያ ቅዳሜ ዓይኔን ከዓይኗ አሽሽቼ አቀረቀርኩ።