ቧንቧውን ያላሰማኝ ማዳመጫ

ባለፈው ዓርብ እዚህ ሪያድ፣ በጥሐ በሚባለው ገበያ ልጄን ሰላምን ከኋላዋ ቆሜ ስጠራት አልሰማችኝም። ትልቅ የጆሮ ማዳመጫ ደፍታ በሱቁ መስተዋት ራሷን እያየች ትስቃለች። ደግሜ ጠራኋት፤ ዝም። ደነገጥኩ። ሰው ይስቅብኝ ይሆናል፤ እኔን ግን ያ ዝምታ ፉጣ ሰፈር ወደነበረው የድሮ ቤቴ መለሰኝ።

ያኔ ገና ልጅ እግር ነበርኩ፤ ሰላም መዳህ መጀመሯ ነው። ያስመጣኝ ሰውዬ ኢቃማዬን አላድስም ስላለ ያለ መኖሪያ ወረቀት ቀርቼ፣ ፉጣ አሮጌ ሕንፃ ላይ ከአገሬ ልጆች ጋር ተከራይቼ እኖር ነበር። ታች ብረት ይቀጠቀጣል፣ ጎን ቴሌቪዥን ይጮኻል። እናቴ ከአገር ቤት በስልክ እየቀዳች የምትልክልኝን ድምፅ መስማት ቢያቅተኝ ማዳመጫ ልገዛ ወጣሁ።

ባለሱቁ የመናዊ ነው። አቅሜን ብነግረው ርካሾቹን ደረደረልኝ። አንዱ ጆሮ ይቆነጥጣል፤ አንዱ ጣሳ ውስጥ የሚያወራ ሰው ይመስላል። ጆሮን ሙሉ የሚሸፍነው፣ ለስላሳው፣ የእናቴን ትንፋሽ እንኳ አሰማኝ።

«ከኋላዬ አጨብጭብ» አልኩት በተሰባበረ ዓረብኛዬ። አጨብጭቤያለሁ አለኝ፤ አልሰማሁም።

«ኸላስ፣ በቃ ይኼ ነው!» አልኩት።

ጥሩ ማዳመጫ ማለት ውጭውን የሚዘጋ መስሎኝ።

ሕንፃችን ደግሞ የራሱ ደንብ ነበረው። የፖሊስ ፍተሻ ሲመጣ ታች ያለ ሰው የውኃ ቧንቧውን በማንኪያ ይመታል፤ ድምፁ እስከ ላይ ይሄዳል፤ ወረቀት የሌለው ወደ ጣሪያ ይወጣል።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ያ የሪያድ ሙቀት ግድግዳውን አግሎት፣ ምስር እየለቀምኩ እናቴን እሰማለሁ። በቆሎው እሸት እንደ ደረሰ፣ ዝናቡ እንዳልተወ ታወራለች። ሰላም ፊቴ ቁጭ እንዳለች ድንገት ወደ ቧንቧው ዞረች። አፏን ከፍታ ታየዋለች። ምን አየች ብዬ እጄን ጣል ባደርግበት ብረቱ ይንቀጠቀጣል።

ማዳመጫውን ወረወርኩት። ጎረቤቴ ዘይነባ፣ የወሎዋ ልጅ፣ በሩን በርግዳ ገባች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ደንቁረሻል እንዴ? ቧንቧው ሊበጠስ ነው! ያላ፣ ልጅቷን እዘያት!»

«ዘይነብዬ፣ ጫማዋ...»

«ጫማውን ለሰርጓ ትገዢላታለሽ! ውጪ!»

ጣሪያውን ወጥተን፣ ዝቅ ያለውን ግንብ ተሻግረን፣ የጎረቤት ሕንፃ የውኃ ታንከሮች መሀል ተሸጎጥን። ሲሚንቶው እግሬን ይጠብሰኛል። ሰላም እንዳታለቅስ ጡቴን ሰጠኋት፤ እሷ ትጠባለች፣ እኔ ከታች በር ሲደበደብ እሰማለሁ። ቆይቶ መኪና ተነሣ። ዘይነባ አጮልቃ አይታ «ሄዱ እህቴ» ስትለኝ፣ ሳላስበው አለቀስኩ።

ከዚያ ሌላ አሠሪ አግኝቼ ወረቀቴ ተስተካከለ። ፍርሃቱ ግን እንደ ወረቀቱ አልተስተካከለም።

ወደ በጥሐው ሱቅ ልመለስ፤ ሰላም ማዳመጫውን አወለቀች። «እማ፣ ይኼ ይሻላል፤ ምንም አያስገባም።»

«እሱን ነው የማልፈልገው» አልኳት። ሌላ አስደፋኋትና ከኋላዋ አጨበጨብኩ። ዞር አለች። ዋጋውም ለኪሳችን ይሆናል።

«ማንም አይመጣብንም እኮ፣ እማ።»

እውነቷን ነው። ቢሆንም ቤት ገብተን፣ ማዳመጫዋን ደፍታ ስትቀመጥ፣ ከወጥ ቤት ሆኜ ቀስ ብዬ ጠራኋት።

«አቤት!» አለችኝ።

ደህና ነን።